«ልጄ ዘፋኟን መምሰል ትፈልጋለች»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ላይ የመጡ ናቸው፤ በወሲባዊ አቀራረብ የሚታዩ የአሜሪካ ሴት ዘፋኞችና እነሱን አርአያ አድርገው የሚያድጉ ሴት ልጆች። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን የሚኖሩበትን ከተማ ብቻ ጠቅሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ መስታወት ፊት ቆማ እንደ ዘፋኞቹ ዳሌዋን እያወዛወዘች፣ ከንፈሯን እየነከሰች ስትደንስ ደረስኩባት። ደነገጥኩና ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ነው የምትደንሰው። ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ መጀመሪያ ያንን ጩኸት ያንሱላት። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «ያን ቀን የጮኽኩብሽ ደንግጬ ነው፤ መደነስሽ ጥፋት አልነበረም» ይበሏትና ወደ ሌላ ጨዋታ ይለፉ። ማብራሪያ አያብዙ። የ9 ዓመት ልጅ ከንፈር መንከስ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። እናቷ ቡና ስትቀዳ አይታ በባዶ ጀበና እንደምትጫወተው ሁሉ፣ ያየችውን ነው የደገመችው። ከጩኸቱ የተረዳችው ግን ገላዋ ላይ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ነው። በሩ የተዘጋው ለዚህ ነው። በር ሲዘጋ ደግሞ ልጅቷ ምን እንደምታይ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ ከዳንሱ ይልቅ የሚያሳስበን ይኼኛው ነው።

ወገብ ማወዛወዝ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የወላይታ ጭፈራ ወገብ ነው፤ ልጆች በሰርግ ላይ አያቶቻቸው ፊት ይጨፍሩታል፣ ማንም አይደነግጥም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2007 ባወጣው ሪፖርት ሴትን ወሲባዊ አድርጎ ማቅረብ የሚታወቅባቸውን አራት መለያዎች አስቀምጧል፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ መገኘቱ ይበቃል። የሴቲቱ ዋጋ ሌላው ነገሯ ሁሉ ተረስቶ በወሲባዊ ማራኪነቷ ብቻ ሲለካ፣ ቁንጅና ማለት «ሴክሲ» መሆን ብቻ ነው ሲባል፣ ሰው መሆኗ ተዘንግቶ ሌሎች የሚገለገሉባት ዕቃ ሆና ስትቀርብ፣ ወይም ደግሞ ወሲባዊነት ሳትፈልገውና ያለ ዕድሜዋ ሲጫንባት። በትንንሽ ልጆች ላይ የሚያይለው የመጨረሻው ነው። ልጅቷ የመረጠችው ነገር የለም፤ ትልልቅ ሰዎች ለትልልቅ ሰዎች ያሰናዱት ነው እጇ የገባው።

እንግዲህ አብረዋት ይዩ። የምትወደውን አንድ ክሊፕ ራሷ ትምረጥ። እርስዎ ቀድመው ለብቻዎ ይመልከቱት፤ ለዕድሜዋ ፈጽሞ የማይሆን ከሆነ «ይኼኛው ለትልልቅ ሰዎች የተሠራ ነው፣ ሌላ አምጪ» ይበሏት። የሚሆን ከሆነ አንዴ ከነድምፁ፣ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። የሚያስተምረው ሁለተኛው ነው፤ ዜማው ሲጠፋ የካሜራው ሥራ ይጋለጣል። እንድትቆጥር ያድርጓት፦ የዘፋኟ ፊት ስንት ጊዜ ታየ? ፊቷ ሳይታይ እግሯ ወይም ወገቧ ብቻ የታየው ስንት ጊዜ ነው? ወንዶቹ ምን ለብሰዋል፣ ሴቶቹስ? ወንዱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ፣ ሴቶቹ በዋና ልብስ ዙሪያውን ቆመው የሚታዩባቸው ክሊፖች ብዙ ናቸው። ይህን ልጅቷ ራሷ ቆጥራ ስትደርስበት ከእናት አፍ ከምትሰማው ይልቅ ይቀራታል።

ቀጥሎ እንዴት እንደተሠራ ያጫውቷት፤ ልጆች ይህን በጣም ይወዳሉ። ያ የሦስት ደቂቃ ክሊፕ አንዲት ሴት ብቻዋን ደንሳ የተቀዳ አይደለም። ዳይሬክተር፣ የዳንስ አሠልጣኝ፣ ልብስ መራጭ፣ ጸጉር ሠሪ፣ መብራት ያዥ አለበት። ራቁት የሚመስለው ቦታ ብዙ ጊዜ የቆዳ ቀለም ያለው ስስ መረብ ወይም ታይት የለበሰ ነው። ልብሱ እንዳይንሸራተት በማጣበቂያ ፕላስተር ከቆዳ ጋር ይያያዛል። አንዱ እንቅስቃሴ ደጋግሞ ተቀድቶ ጥሩ ጥሩው ይገጣጠማል፣ ከዚያ ቆዳው በኮምፒውተር ይጸዳል። መስታወት ፊት ቆማ «እኔ ለምን እንደሷ አልሆንም?» የምትል ልጅ፣ ዘፋኟ ራሷም ጠዋት ስትነሳ ያንን እንደማትመስል ማወቅ አለባት።

ይህ አብሮ ማየት የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንዱ ዘፋኟን መስደብ ነው፤ «ባለጌ» ባሉ ቅጽበት ልጅቷ ጠበቃ ትሆናለች፣ ጨዋታውም ያበቃል። ሌላው ማብዛት ነው፤ በሳምንት አንድ ክሊፕ፣ ከ20 ደቂቃ ሳያልፍ ይበቃል። ሦስተኛው ጥያቄውን ከመልሱ ጋር መጠየቅ ነው፤ «ይኼ ነውር አይደለም?» ካሉ ልጅ «ነው» ብላ ትገላገልዎታለች።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሃይማኖተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ላለማሳየት ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም ዘጋሁ። የ8 ዓመት ልጄ ግን ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ እያየች ነው። ጨርሼ ልከልክል ወይስ ልተወው?
አባት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርብ አንድ ጥናት አለ። በ2012 የታተመ ሲሆን፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በኖክስ ኮሌጅ የሚገኙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 9 የሆኑ 60 ሴት ልጆችን ሁለት የወረቀት አሻንጉሊቶች አሳይተው ጠየቁ። አንዷ ገላ የሚያሳይ ጥብቅ ልብስ፣ ሌላዋ ፋሽን ነገር ግን ላላ ያለና የሚሸፍን ልብስ ለብሳለች። «መምሰል የምትፈልጊው የቷን ነው?» ሲባሉ 68 በመቶዎቹ የመጀመሪያዋን መረጡ። «በትምህርት ቤት ይበልጥ የምትወደደው የቷ ናት?» ሲባሉም 72 በመቶዎቹ እሷኑ አመለከቱ።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሃይማኖተኛ እናት ያሏቸውና ቴሌቪዥንም የሚያዩ ልጆች፣ ያቺን አሻንጉሊት የመምረጥ ፍላጎታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሃይማኖተኛ እናት ያሏቸው፣ ነገር ግን ብዙም የማያዩ ልጆች ግን ይበልጡን ወደዚያችው አዘነበሉ። አጥኚዎቹ ይህን «የተከለከለ ፍሬ ይጣፍጣል» እንደሚባለው ሊሆን ይችላል ብለው ተረጎሙት። በቴሌቪዥን የሚታየውን እያነሱ «ይኼ ልክ አይደለም፣ ይኼ በእውነት የሚሆን ነገር አይደለም» እያሉ ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩ እናቶች ልጆችም ያቺን አሻንጉሊት የመምረጥ ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ዳንስ የሚማሩ ልጆችም እንዲሁ። ይህን ሲሰሙ ብዙ ወላጆች ይገረማሉ፤ በዳንስ ትምህርት ቤት ግን ገላ ሥራ ይሠራል፣ ይዘላል፣ ሚዛን ይጠብቃል፣ እንዲያው ለመታየት ብቻ የተቀመጠ አይደለም። 60 ልጅ ትንሽ ቁጥር እንደሆነና ልጆቹም አሜሪካውያን እንደሆኑ አይዘንጉ። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ እምነት ያለ ውይይት፣ መከልከል ያለ ምክንያት አይሠራም። ልጅዎን በቤታችሁ ስለምታምኑበት ነገር ያነጋግሯት፤ ሰው በፈጣሪ አምሳል ተፈጥሯል የሚል ቤት ለዚህ ንግግር ባዶ እጁን አይደለም።

ስልኩን ጨርሰው ከመዝጋት ይልቅ አጥሩን ያስተካክሉ። ዩቲዩብ ላይ ፕሮፋይሉን ነክተው ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄኔራል ውስጥ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚለውን፣ የአዋቂ ይዘት የሚያጣራውን፣ ያብሩ። ይህ የሚሠራው ባበሩት ስልክ ላይ ብቻ ነውና የእናቷም የታላቅ ወንድሟም ስልክ ላይ ለየብቻ ይብራ። ሲበራ ኮሜንቱም አብሮ ይደበቃል፤ ብዙ ጊዜ ከክሊፑ የከፋው ኮሜንቱ ነው። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረውን ኦቶፕሌይ ያጥፉ። ዩቲዩብ ኪድስ የሚጠቀሙ ከሆነ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተባለው ክፍል የሙዚቃ ክሊፖችን እንደሚጨምር ይወቁ፤ ለ8 ዓመት ልጅ ከ5 እስከ 8 የሚለውን ይምረጡ። የጎረቤቱን ልጅ ስልክ በሴቲንግ አይቆጣጠሩትም፤ ከወላጆቹ ጋር ቡና ጠጥቶ መነጋገር ነው ያለው።

ጥያቄ፦ በእኛ ጊዜም ስለ ማዶና እንዲሁ ይባል ነበር። አይተን አደግን፣ ምንም አልሆንም። እውነት ጉዳት አለው ወይስ የትልቅ ሰው ወሬ ነው?
እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ስጋቱ የቆየ መሆኑ እውነት ነው። በ1985 በዋሽንግተን የሴናተር አል ጎር ሚስት ቲፐር ጎር፣ ለ11 ዓመት ልጇ በገዛችው አልበም ውስጥ ወሲባዊ ግጥም ሰምታ ከሌሎች የፖለቲከኛ ሚስቶች ጋር ዘመቻ ጀመረች። ጉዳዩ በዚያው ዓመት መስከረም እስከ ሴኔት ደረሰ። ዛሬ አልበሞች ላይ የሚለጠፈው ወላጆችን የሚያስጠነቅቅ ምልክት የመጣው ከዚያ ነው። ምልክቱ ግን ለቃላት እንጂ ለምስል አይደለም፤ አንድም ጸያፍ ቃል የሌለበት ዘፈን ክሊፑ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ? በ1998 በታተመ ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በልብስ መለኪያ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው፣ መስታወት ፊት፣ ግማሾቹ የዋና ልብስ ግማሾቹ ሹራብ ለብሰው የሒሳብ ፈተና ተሰጣቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ፤ በወንዶቹ ላይ ልብሱ ለውጥ አላመጣም። ያያቸው ሰው አልነበረም። የአእምሯቸው አንዱ ክፍል ግን ራሳቸውን ከውጭ ሆኖ በማየት ተጠምዶ ነበር። «ምን እመስላለሁ?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ይሆናል?» ለሚለው የሚያስፈልገውን ትኩረት ይሻማል። ሴት ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቀሚሷን ስትጎትት፣ ሆዷን ስታስገባ የምታጠፋው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ከፊጂ ነው። በናድሮጋ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። የሃርቫርዷ አን ቤከር በዚያው ዓመትና በ1998 ታዳጊ ሴቶችን ስትጠይቅ፣ የተዛባ የአመጋገብ ምልክት ያላቸው ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ ከፍ ብለው አገኘች። ለመክሳት ብለው የሚያስመልሱ ደግሞ በ1995 አንድም አልነበሩም፣ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። ሙላት ያለው ገላ በሚወደድበት አገር ነው ይህ የሆነው። ስለ ዘፋኞች ብቻ የተደረገ ጥናት አይደለም፣ ስለ ቴሌቪዥን በጠቅላላው ነው፤ የተለያዩ ልጆችን በተለያየ ዓመት ያነጻጸረ ስለሆነም ጥፋቱ ሁሉ የቴሌቪዥን ነው አያሰኝም። ሙዚቃ ቲቪ የሚያዩ ልጆች ስለ ገላቸው ይበልጥ ይጨነቃሉ የሚሉት ጥናቶችም ዝምድናን እንጂ መነሻን ሁልጊዜ አያረጋግጡም፤ የተጨነቀችው ልጅ ራሷ ክሊፕ ታበዛ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ክሊፕ ልጅ ያጠፋል የሚል ሰው ካለ አያምኑት። ምንም አይደለም የሚለውንም እንዲሁ። እርስዎ ማዶናን ያዩት ቴሌቪዥኑ ባሳየ ጊዜ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቤተሰብ በተቀመጠበት ነው። ያኔ ተመልካች ብቻ ነበሩ። ልጅዎ ግን ያየችውን በዚያው ሰዓት ትደግመዋለች፣ ትቀዳዋለች፣ ትለጥፈዋለች፤ ስንት ሰው እንደወደደላት በቁጥር ይነገራታል። ልብሱ ጠበብ ባለ ቀን ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ማንም ሳይናገራት ትምህርቱን ወሰደች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። እናቴ ዘፋኞቹን ባለጌዎች ትላለች። እኔ ግን በራሳቸው የሚተማመኑ ይመስሉኛል፤ ገላቸው የራሳቸው ነው፣ ኃይላቸው ነው ይላሉ። ማን ነው ልክ?
ተማሪ፣ አትላንታ

መልስ፦ ጥያቄሽ ትልልቅ ምሁራንንም አከራክሯል። በ2014 ነሐሴ ቢዮንሴ «ፌሚኒስት» የሚል ግዙፍ ጽሑፍ ከኋላዋ አብርታ መድረክ ላይ ቆመች። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ቤል ሁክስ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊ በኒውዮርክ ውይይት ላይ፣ የቢዮንሴ ምስል በትንንሽ ሴቶች ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ እጅግ ጠንካራ በሆነ ቃል ነቅፋ ነበር። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ጥቁሮች፣ ሁለቱም ለሴቶች የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር መለያየትሽ የአንድ ቤት ጠብ ብቻ አይምሰልሽ።

«ባለጌ» የሚለው ቃል ምንም አያስረዳንም፤ እሱን እንተወው። «ኃይሌ ነው» የሚለውን ግን እንመርምረው። ኃይል መሆኑን የምታውቂው በሦስት ነገር ነው። እንቢ ማለት ትችል ነበር? ገንዘቡና ውሳኔው በማን እጅ ነው? ዕድሜዋ ሲገፋስ ያ ኃይል አብሯት ይቆያል?

ብሪትኒ ስፒርስን ውሰጂ። በ1998 የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ሸሚዟን እምብርቷ ላይ ቋጥራ በመጀመሪያው ክሊፕ ስትታይ 16 ዓመቷ ነበር፤ ካንቺ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። የልብሱ ሐሳብ ከእሷም የመጣ ነበር። በ1999 በሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሽፋን ላይ በ17 ዓመቷ በውስጥ ልብስ፣ የልጆች አሻንጉሊት ታቅፋ ወጣች። ካሜራውን የያዙት፣ መጽሔቱን የሸጡት ሁሉ አዋቂዎች ነበሩ። በ2008 ፍርድ ቤት እሷንም ንብረቷንም በሞግዚት ሥር አደረገ፤ ከሞግዚቶቹ አንዱ አባቷ ነበር። ያን ጊዜ 26 ዓመቷ ነው። በዚያ ሁኔታ ከ13 ዓመት በላይ ቆየች። አልበም አወጣች፣ መድረክ ላይ ወጣች፣ በዓለም ሁሉ «በራሷ የምትተማመን» ትመስል ነበር። በ2021 ሰኔ ለፍርድ ቤት ስትናገር ግን ሳትፈልግ እንድትሠራ መገደዷን፣ ልጅ ለመውለድ ብላ የወሊድ መከላከያዋን ማስወጣት እንኳ መከልከሏን ገለጸች። ሞግዚትነቱ የተነሳው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። መድረክ ላይ የሚታየው መተማመንና የራስ ሕይወት ባለቤት መሆን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አናውቅም።

የማይሊ ሳይረስ መንገድ ሌላ ነው። ከ2006 ጀምሮ በዲስኒ ቻናል የልጆች ተወዳጅ ነበረች፤ በ2013 በ20 ዓመቷ በኤምቲቪ ሽልማት መድረክ ላይ ያሳየችው ዳንስ አሜሪካን አነጋገረ። አየርላንዳዊቷ ዘፋኝ ሺኔድ ኦኮነር የሙዚቃው ንግድ እየተጠቀመብሽ ነው ብላ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈችላት፤ ማይሊ ምክሩን አልወደደችውም፣ ተጣሉ። የመጀመሪያ ግራሚዎቿን ያገኘችው ግን በ2024 ነው። ያኔ የተወራላት ስለ ዳንሱ ነበር፤ ግራሚው የተሰጣት ለዘፈኗ ነው።

ቢሊ አይሊሽን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ሰው ስለ ገላዋ እንዳያወራ ብላ ሰፋፊ ልብስ ትለብስ ነበር። በ2020 በቀላል ካናቴራ መንገድ ላይ ፎቶ ሲያነሷት በሰውነቷ ተሳለቁባት። በ2021 በፋሽን መጽሔቱ ብሪትሽ ቮግ ሽፋን ላይ ወገብ የሚያጠብቅ ኮርሴት ለብሳ ስትወጣ ደግሞ «ከዳችን» ተባለች። ብትሸፍንም ተወራ፣ ብትገልጥም ተወራ። በዚህ ነው እናትሽም አንቺም የምትገናኙት፤ የልብሱ ርዝመት ብቻ ነገሩን አይፈታውም፣ ሴት በገላዋ ብቻ መለካቷ እስካልቀረ ድረስ። ማዶናም በ2016 ስትሸለም ባደረገችው ንግግር፣ በዚህ ሙያ ለሴት ማርጀት እንደ ኃጢአት ይቆጠራል ብላለች፤ ያን ጊዜ 58 ዓመቷ ነበር። ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰችልሽ እሷ ናት።

አንድ ነገር ጨምረን እንንገርሽ። ካርዲ ቢ በ2021 ቤቷ ሆና የራሷን ዘፈን ስታሰማ ትንሽ ልጇ ስትገባ ቶሎ ብላ አጠፋችው። ስትተችም ሙዚቃዬ ለአዋቂ እንጂ ለልጅ አይደለም አለች። ዘፋኟ ራሷ ያስቀመጠችው ድንበር ነውና ከእናትሽ ጋር ስትነጋገሩ ከዚህ ጀምሩ። ዘፈኑን ውደጂው፤ ድምፁን፣ ምቱን፣ ድፍረቱን ውሰጂ። አርአያ ልታደርጊያት ካሰብሽ ግን ምኗን እንደምትወስጂ ለይተሽ እወቂ።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ በሥራ ላይ ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ናት። በላክሁላት ስልክ የውጭ ዘፋኞችን ዳንስ እየሠራች ቲክቶክ ላይ ትለጥፋለች። ሰው ልኮልኝ አይቼ አለቀስኩ።
እናት፣ ዱባይ

መልስ፦ እናት፣ ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ ዛሬውኑ ይጀመር። ቲክቶክ የሚፈቅደው ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው። ልጅዎ አካውንት የከፈተችው ዕድሜዋን ጨምራ ነው ማለት ነው፤ ትልቁ ጣጣም ከዚህ ይመጣል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ቲክቶክ በራሱ የሚያደርጋቸው ጥበቃዎች አሉ፤ አካውንቱ እሷ ከፈቀደችለት ሰው በቀር ለማንም ሳይታይ ይጀምራል፣ የግል መልእክት መላላክ የለም፣ ቪዲዮዋን ሌላ ሰው ማውረድ አይችልም። «20 ዓመቴ ነው» ብላ ከተመዘገበች ግን እነዚህ ሁሉ አይሠሩላትም።

በቪዲዮ ጥሪ ደውለው ሳይቆጡ አብረዋት ይሥሩ። የተለጠፉትን ቪዲዮዎች ታጥፋ፤ ለራሷ ማስቀረት የምትፈልገውን መጀመሪያ ስልኳ ላይ ታስቀምጥ፣ ካልሆነ ጠፋብኝ ብላ ታኮርፋለች። ከዚያ አካውንቱ ይዘጋ። እስከ 13 ዓመቷ ድረስ ዳንሷን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ለእርስዎ ብቻ ትላክ፤ እርስዎም በደረሰዎት ቁጥር ይመልሱላት። መታየት ትፈልጋለች፤ የእናቷ ዓይን ካልደረሰላት የማታውቀውን ሰው ዓይን ትፈልጋለች። ስለ እንቅስቃሴዋ ይናገሩ፤ «እጅሽ ከምቱ ጋር ሄደ፣ ዙሩን አሻሻልሽው» ይበሏት፤ «ቆንጆ ነሽ» ብቻ አይበሉ።

13 ሲሞላት በእውነተኛ ዕድሜዋ ትክፈት። ፋሚሊ ፔሪንግ በሚባለው የእርስዎንና የእሷን አካውንት ማያያዝ ይቻላል፤ የሰዓት ገደብና የሚታየው ይዘት ከእርስዎ ስልክ ይወሰናል። የሚመጣላትን ቪዲዮ ለማስተካከል ደግሞ ያልተፈለገውን ቪዲዮ ጣት አሳርፎ ቆይቶ «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን መንካት ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየት፣ መልሶ ማየት፣ ተናዶ ኮሜንት መጻፍ ጭምር ቀጣዩን ቪዲዮ የሚመርጠው አልጎሪዝም እንደ ፍላጎት ይቆጥረዋል። አያቷም «እስቲ ይቺን ጉድ እዩ» እያሉ ደጋግመው ካዩ በማግስቱ አሥር ይጨመርላቸዋል። ነገሩ ከተበላሸ ሴቲንግ ውስጥ ኮንቴንት ፕሪፈረንስስ ሥር ያለው ሪፍሬሽ ሁሉንም ከአዲስ ያስጀምራል።

ዳንሱን ያየ የማይታወቅ ሰው ጽፎላት እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቁ። ጽፎላት ከሆነ መልእክቱን ሳታጠፋ ፎቶ ታንሳው፣ ለእርስዎ ትላክ፣ ከዚያ ሰውየው ይታገድ። ጥፋቱ የሰውየው እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ደጋግመው ይንገሯት።

ጥያቄ፦ በእነሱ ፋንታ ማንን አርአያ ላድርግላት?
አጎት፣ ሐዋሳ

መልስ፦ አርአያ በትእዛዝ አይተካም፤ ግድግዳ ላይ ፎቶ መስቀልም ብዙ አይረዳም። ታሪክ መንገር ግን ይረዳል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን ገላዋ ምን ሠራ? ሮጠ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም የተናገረው ስለ ፒያኖአቸው ነው። ሙዚቃ ወዳድ ልጅ ከሆነች የእጅጋየሁ ሽባባውን ድምፅ ያሰሟት፤ ከዚያ ከቤተሰቡ አንዲት በሥራዋ የምትኮራ ሴት፣ አክስትም ትሁን ጎረቤት፣ ልጅቷን አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ትውሰዳት።

ጥያቄ፦ ኮሙኒቲያችን ውስጥ ከ10 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ውዝዋዜ አሠለጥናለሁ። ለዓመት በዓል ዝግጅት በአንድ የአሜሪካ ዘፈን ካልደነስን ብለዋል። ዘፈኑ የአዋቂ ነው፣ እንቢ ካልኩ ይበተኑብኛል።
አሠልጣኝ፣ ፍራንክፈርት

መልስ፦ ምቱን ይውሰዱ፣ ግጥሙን ይተዉ። «ንጹሕ» የሚባለው ቅጂ የሚያጠፋው ስድቡን ብቻ ነው፣ ትርጉሙ እንዳለ ይቀራል። ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብለው ለራስዎ ያንብቡ፤ አያቶች ፊት ሊነበብ የማይችል ከሆነ ያለ ድምፅ የተቀዳውን ሙዚቃ ብቻ ይጠቀሙ። ለዚህ ዕድሜ 90 ሴኮንድ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ልጆቹ ይደክማቸውና ቅደም ተከተሉ ይጠፋባቸዋል።

ክሊፑ ውስጥ ካለው ዳንስ የሚወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ወለል ላይ መሳብ፣ በእጅ የራስን ገላ መዳሰስ፣ ለተመልካች ጀርባ ሰጥቶ መጎንበስ። በየቦታቸው እኩል ምት የሚወስድ ነገር ያስገቡ፤ ለመሳቡ ተንበርክኮ የሚሠራ እስክስታ፣ ለመዳሰሱ ጭብጨባ፣ ለመጎንበሱ የጉራጌ ጭፈራ እግር። የጉራጌው ፍጥነት ከፈጣን ፖፕ ጋር ደህና ይሄዳል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ተቆረጠብን» እንዳይሉ የመጨረሻዎቹን 16 ምቶች ራሳቸው እንዲፈጥሩ ይተዉላቸው።

ልብሱን ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሞክሩት፤ የመጨረሻ ቀን ከሆነ መቀየሪያ ጊዜ የለም። እያንዳንዷ ልጅ ለብሳው ሁለት እጇን ወደ ላይ ትዘርጋ፣ ጎንበስ ብላ የእግሯን ጣት ትንካ፣ ወለል ላይ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጥ። በአንዱ ላይ እንኳ ልብሷን ከጎተተች ልብሱ አልሆነም፤ የምትጎትት ልጅ እርምጃዋን ትረሳለች። ከቀሚስ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ታይት ለሁሉም ያድርጉ። ለትንሽ አዳራሽ ሊፕስቲክም ኩልም አያስፈልግም።

ካሜራ የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ ከልጆቹ ደረት ከፍታ በታች ሆኖ አይቅዳ። ቪዲዮው የት እንደሚደርስ ወላጆች አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ የልጆቹ ስም ከምስሉ ጋር አብሮ አይውጣ። የመድረክ አስተዋዋቂውንም ቀድመው ያነጋግሩት። ብዙ ጊዜ «ቆንጆዎቹ ልጆቻችን» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ በዚያ ፋንታ ስንት ሳምንት እንደተለማመዱና የመጨረሻውን ክፍል ራሳቸው እንደፈጠሩት ይናገርላቸው።